መጥፎ መጥፎውን ማሰብ አንጎልን ይጎዳል? እንዴትስ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ከ«መዝገብ ያዥ»

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሥራዬ ላይ የጎላ ችግር ገጥሞኝ ባያውቅም፣ ምንም ነገር ቢፈጠር ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው መጥፎው ነው። ለምሳሌ የሰኔ 30 ሂሳብ ተዘግቶ፣ የትሪያል ባላንሱ ዴቢትና ክሬዲት እኩል መምጣቱን በዓይኔ አይቼ ወደ ቤት ብገባም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና «አንድ ደረሰኝ ሳልመዘግብ ቀርቼ ይሆናል» እያልኩ እስኪነጋ ስገላበጥ አድራለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ማታ ላይ «ነገ ጠዋት ቢሮ ብቅ በዪ» የሚል አጭር መልእክት ቢልኩልኝ፣ ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ እራት እንኳ ሳልበላ አደርኩ። የጠሩኝ ስለ አዲስ ሠራተኞች ሥልጠና ሊያማክሩኝ ነበር።

እናቴ «አታሟርቺ» ትለኛለች፤ ባልደረቦቼ «በጎ በጎውን አስቢ» ይሉኛል። በቅርቡ ያየሁት አንድ ቪዲዮ ደግሞ አሉታዊ ሐሳብ የአንጎል ሕዋሳትን እንደሚገድል ስለተናገረ፣ በጭንቀቴ ላይ ሌላ ጭንቀት ጨመረብኝ። ነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ የተጎዳው ይመለሳል? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት»

ውድ ጠያቂያችን፣ ቪዲዮው አጋኖታል። አንድ መጥፎ ሐሳብም ሆነ በጭንቀት ያደሩበት ሌሊት የአንጎል ሕዋስ አይገድልም። ሥራ አስኪያጅዎ የላኩልዎትን መልእክት ሲያነቡ፣ አደጋን የሚቃኘው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ነገሩ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይታወቅ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ የውጥረት ሆርሞኖችን ያመነጫሉ፤ ልብ ይመታል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አደጋው ሲያልፍ ይህ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ችግር የሚሆነው፣ አደጋው በሐሳብ ብቻ እየተደጋገመ ሰውነት ማረፊያ ሲያጣ ነው። በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ብሩስ ማክዩዊንና ባልደረቦቻቸው በእንስሳት ላይ እንዳሳዩት፣ ለሳምንታት የዘለቀ ውጥረት ሂፖካምፐስ በተባለው የትውስታ ክፍል የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳትን ቅርንጫፎች ያሳጥራል፤ ሆኖም ውጥረቱ ሲቆም ቅርንጫፎቹ መልሰው ያድጋሉ።

ከሐሳቡ መጥፎነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማብሰልሰሉ፣ ማለትም ያንኑ ሐሳብ ደጋግሞ ማውጠንጠኑ ነው። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የተማሪዎችን የማብሰልሰል ልማድ በመጠይቅ ከለኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በጥቅምት 1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ማንም ያልጠበቀው የሎማ ፕሪዬታ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታ። ተመራማሪዋ ተማሪዎቹን መልሰው ሲጠይቁ፣ ቀድሞውንም የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከሰባት ሳምንት በኋላም ቢሆን ከሌሎቹ የበለጠ የድብርት ምልክት ይታይባቸው ነበር። መንቀጥቀጡ የሁሉም ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው እያንዳንዱ ከዚያ በኋላ በሐሳቡ ካደረገው ነው።

ባልደረቦችዎ የሰጡዎት ምክር ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም፣ ብዙ ርቀት አይወስድም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር በ1987 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ቢታዘዙ፣ ድቡ እየተመላለሰ መጣባቸው፤ ክልከላው ሲነሳላቸውም፣ ቀድሞ ካልተከለከሉት ሰዎች ይልቅ ስለ ድቡ አብዝተው አሰቡ። ሐሳብን በግድ በበጎ ቃል መሸፈንም እንዲሁ ነው፦ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዉድ በ2009 እንዳሳዩት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ስሜታቸው ይብስ ከፋ። ውስጣቸው አላመነውምና።

ታዲያ ምን ይደረግ? በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪም የነበሩት አሮን ቤክ በ1960ዎቹ የጀመሩት ሕክምና፣ ሐሳብን እንደ ክስ ቆጥሮ ማስረጃ መጠየቅ ላይ ያተኩራል። መልእክቱ በደረሰበት ማታ ወረቀት ይዘው ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ በኩል «ሊያሰናብቱኝ ነው» የሚለውን ሐሳብ፣ ቀጥሎ ምን ያህል እንዳመኑት በመቶኛ፣ ከዚያ ደጋፊ ማስረጃውን፣ ከዚያም ተቃራኒውን ይጽፉ ነበር። ደጋፊው «መልእክቱ አጭር ነው» ከሚል ያለፈ አይሆንም፤ በተቃራኒው በኩል ግን የተስተካከለው ሂሳብ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶዎት አለማወቁና ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም ሰው አጭር መልእክት የሚጽፉ ሰው መሆናቸው ይሰለፋል። እርስዎ በሂሳብ ሥራ ላይ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ እንደማይቀበሉት ሁሉ፣ ሐሳብንም እንዲሁ ይያዙት። በማግስቱ የሆነውን ከሥር መጻፍም አይዘንጉ፤ አብዛኛው ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል፣ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ ከ«የባሕር ዳሩ መምህር»

እህቴ፣ ባለሙያው ያሉት ወረቀት ቀን ላይ ይሠራል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ማስረጃ የሚመዝን አእምሮ አይኖርሽም። እኔን የጠቀመኝ የጭንቀት ቀጠሮ መያዝ ነው። ማታ ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት መድቤ፣ በጨለማ ለሚመጣብኝ ሐሳብ ሁሉ «ነገ በሰዓትህ» እለውና ርእሱን ብቻ በማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ። ቶማስ ቦርኮቬክ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዘዴውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፈትሸውታል። በሰዓቱ ስቀመጥ ከጻፍኩት ግማሹ ምን እንደነበር እንኳ አይገባኝም። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ አልጋ ላይ አትቆዪ፤ ተነሺና መብራቱን ቀንሰሽ ተቀመጪ፣ ስልክ ግን አትንኪ።

መልስ፦ ከ«ቤት ተከራይ»

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ውይይቱ ችግር ሁሉ በራሳችን ጭንቅላት ውስጥ ያለ አስመስሎታል። የቤት ኪራይ በየጊዜው የሚጨመርበት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፈልላቸው ሰው ቢጨነቅ አስተሳሰቡ ተበላሽቶ አይደለም። በዚህ ረገድ የዚምባብዌው የወዳጅነት አግዳሚ የተባለው አሠራር ደስ ይለኛል፦ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ የጀመሩት ሲሆን፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ እናቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የመጣውን ሰው ችግሮቹን ያስዘረዝሩታል፤ ከዚያም እሱ ራሱ አንዱን መርጦ በዚያ ሳምንት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይወስናል። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ጥናት፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች የድብርት ምልክታቸው ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በእጅጉ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። «አስተሳሰብህን ቀይር» ከመባል በፊት «ምን ቸገረህ?» መባል ይቅደም።

ጠያቂዋ፦ «መዝገብ ያዥ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለውጡ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጸሎትስ ከዚህ ጋር እንዴት ይታያል?

መልስ፦ ከ«ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት»

በመጀመሪያ «ቤት ተከራይ» ያሉት ትክክል ነው፤ ማስረጃው የሐሳቡን እውነተኛነት ካሳየ ወረቀቱን ትቶ ወደ መፍትሔ ፍለጋ መዞር ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከባለሙያ ጋር የሚደረገው ይህ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ በየሳምንቱ ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ወር መሆኑ ነው። በሃያ አንድ ቀን አእምሮን እንቀይራለን የሚሉትን አይመኑ። አንጎል በልምምድ እንደሚለወጥ ግን የለንደን ታክሲ ሹፌሮች ጥሩ ማሳያ ናቸው፦ የአንጎል ተመራማሪዋ ኤሊነር ማግዋየርና ባልደረባቸው 79 ሠልጣኞችን ለዓመታት ተከታትለው፣ የከተማዋን መንገዶች አጥንተው የታክሲ ሹፌርነት ፈተናውን ባለፉት 39 ሰዎች የሂፖካምፐስ የኋለኛ ክፍል ማደጉን በ2011 አሳትመዋል። ባላለፉት ላይ ይህ አልታየም።

ጸሎት፣ ያስጨነቀዎትን ተናግረው ለፈጣሪ የሚተዉበት ከሆነ ብዙ ሰው ሲያሳርፍ አይቻለሁ። በጸሎት ስም ያንኑ ፍርሃት ደጋግሞ ማውጠንጠን ሲሆን ግን ከማብሰልሰል አይለይም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሌሊት 9 ሰዓት መንቃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከሆነ፣ የምግብ ፍላጎትዎና ለነገሮች የነበረዎት ፍላጎት ከቀነሰ፣ ይህ የድብርት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ። አዲስ አበባ ከሆኑ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በክፍለ ሀገርም በብዙ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል ይገኛል። የታይሮይድ ዕጢ መታወክ ተመሳሳይ ጭንቀት ስለሚያመጣ የደም ምርመራም ይጠይቁ፤ ሲሄዱም የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ሰዓትዎን ጽፈው ይያዙ።