በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻዬን ዓለምን መዞር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ቦርሳዬን_አዝዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 28 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ፣ አዲስ አበባ እኖራለሁ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቆጥቤያለሁ፣ ባለፈው ወር ደግሞ ዕቁብ ወጣልኝ። አሁን ሥራዬን ለቅቄ፣ አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዤ፣ ለአንድ ዓመት ዓለምን መዞር እፈልጋለሁ። ብቻዬን። ያሰብኩት መስመር ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ከዚያ ታይላንድና ሲንጋፖር፣ ከዚያ አውሮፓ፣ መጨረሻ ላይ ብራዚል ነው። መሃል ላይ ወደ ቤት ሳልመለስ።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ያነበብኩት ሁሉ የእንግሊዝ ወይ የጀርመን ፓስፖርት ያላቸው ሰዎች የጻፉት ነው። ጠዋት ተነስተው ያሰኛቸውን ድንበር ይሻገራሉ። እኔስ እንደዚያ ማድረግ እችላለሁ? ሁለተኛ፣ ገንዘቡን በምን መልክ ልያዝ? ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። እናቴ ጉዳዩን ከነገርኳት ቀን ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ልትሰደድ ነው ብላ ነው የምታስበው። ለመጎብኘት ነው ስላት፣ ሰው ለጉብኝት ብሎ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል ወይ ትለኛለች። ምን እንደምመልስላት አላውቅም።

በእኛ ፓስፖርት የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

በሞያሌ_በኩል፦

እህቴ፣ እውነቱን ካልሽ በአንድ ዙር አይሆንም። በቁራጭ በቁራጭ ግን ይሆናል፤ እኔ አሁን ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ነኝ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አብዛኞቹ ኤምባሲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት በዚያው ሀገር ከሚኖር ሰው ነው። ባንኮክ በቱሪስት ቪዛ ተቀምጠሽ የሸንገን ቪዛ (አብዛኛውን አውሮፓ የሚያስገባውን) ልጠይቅ ብትዪ፣ ነዋሪ ስላልሆንሽ ከሀገርሽ አመልክቺ ይሉሻል። ለሸንገን ደግሞ የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ቲኬት ማስያዣ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትና ያስፈልጋል። ማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ነው፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስልሽም። ሥራ ለቅቀሽ፣ ስምንት ወር መንገድ ላይ ቆይተሽ፣ የሥራ ደብዳቤውን ከየት ታመጪዋለሽ?

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁራጭ ወደ ደቡብ አድርጊው። ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገንም። ሩዋንዳ የአፍሪካ ኅብረት አባል ሀገራትን ዜጎች ያለ ክፍያ ለ30 ቀን ታስገባለች። ከመነሳቴ በፊት በኢንተርኔት ያመለከትኩት ለኡጋንዳ ብቻ ነው። 50 ዶላር ከፈልኩ፤ ፎቶ፣ የፓስፖርት ኮፒና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አስገባሁ። ያቺን ካርድ ከፓስፖርትሽ እንዳትለያት። ድሮ በየአሥር ዓመቱ ይታደስ ነበር፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አንዴ ከተከተብሽ ዕድሜ ልክ ነው።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለት ቀን አድርጊውና ዲላ ወይ ያቤሎ እደሪ። ከመነሳትሽ በፊት መናኸሪያ ሄደሽ ሹፌሮቹን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቂ፣ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። ሞያሌ ስትደርሺ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የከተማው ሰው እንደ ጎረቤት ቤት ወዲያ ወዲህ ሲል ታያለሽ፣ ደላላም በዚህ በኩል ቶሎ ላሳልፍሽ ይልሻል። እንዳትሰሚው። ከእኛ በኩል የመውጫ ማህተም፣ ከእነሱ በኩል የመግቢያ ማህተም ሳታስመቺ አንድ እርምጃ አትሂጂ። በዚያ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወሰዱ ስንት ወንድሞቻችን አሉ፤ ፖሊሶቹም ሐበሻ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ያንን ነው። እኔን ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ አራት ጊዜ ከአውቶቡስ አስወርደውኛል። ሦስተኛው ላይ አንድ ልጅ፣ ከወላይታ ነው የመጣሁት ያለኝ፣ ከኋላ ወንበር አወረዱትና እሱን ትተን ሄድን። እስካሁን ፊቱ አይረሳኝም። እኔን ያዳነኝ ያ ማህተም ነው።

መንገዱ ራሱ ግን ይክሳል። ማርሳቢት በበረሃው መሃል ደን ለብሶ የቆመ ተራራ ነው፤ ስትደርሺ ብርዱ ይገርምሻል። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን መስመር ታቋርጫለሽ፣ ሰማዩ ከጠራ የኬንያ ተራራ በረዶ ይታይሻል። ከሞያሌ ጀምሮ መኪና በግራ ስለሚሄድ መንገድ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዪ። ሩዋንዳ ስትገቢ ደግሞ እንደኛው ይሆናል።

ሰዓት ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። "ሳ ምቢሊ" ካሉሽ የእኛው ሁለት ሰዓት ነው። የአውቶቡስ ቲኬቱ ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጁ ስለሆነ ቲኬት ቆራጩን ደግመሽ ጠይቂው።

ፌስታል እንዳትይዢ። ኬንያ ከ2017፣ ሩዋንዳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል፣ ኪጋሊ መግቢያ ላይ ቦርሳ ከፍተው ይፈትሻሉ። ኪጋሊ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ላይ ከደረሽ ደግሞ ጠዋቱን ሱቁም ታክሲውም ዝግ ነው። ሕዝቡ ኡሙጋንዳ የሚሉት የጋራ ሥራ ላይ ይሆናል። እኔ አካፋ ተቀብዬ አብሬ ቦይ ቆፈርኩ፤ ከጉዞዬ ሁሉ የምወደው ቀን እሱ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ባንክ ዶላር ሲሸጥልሽ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ያያል። እኔ ግን ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገኝም፣ የምሄደውም በአውቶቡስ ነበር። አንድ ቅርንጫፍ የአውሮፕላን ቲኬት ካላመጣህ ብሎ መለሰኝ። ሌላ ባንክ ሄጄ የኡጋንዳን ቪዛና ከኪጋሊ የምመለስበትን ቲኬት ሳሳያቸው ሸጡልኝ። አዲስ፣ ያልተቀደደ፣ ምንም ያልተጻፈበት ኖት ጠይቂ፤ አሮጌ ዶላር መንዛሪዎቹ አይወስዱም። ናይሮቢ ስትደርሺ በፓስፖርትሽ ሲም አውጥተሽ ኤም-ፔሳ ክፈቺ፣ ከቲማቲም ሻጭ እስከ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲያቸው) ድረስ የምትከፍዪው በሱ ነው። በየኪስሽ ጥሬ ብር ከመያዝ ያድንሻል።

ጾመኛዋ_መንገደኛ፦

ወንድማችን የጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ለምትወጣ ሴት ሞያሌን አልመክርም። ናይሮቢ በአውሮፕላን ግቢና ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ቀጥዪ። በአራት ፍተሻ ከመኪና መውረድ ለወንድና ለሴት አንድ አይደለም።

እኔ ሲንጋፖርና ታይላንድ ሁለት ወር ብቻዬን ነበርኩ። ሲንጋፖር 30 ቀን ያለ ቪዛ እንገባለን፣ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። የቢጫ ወባ ካርዱን እዚያም ይጠይቃሉ። ከመድረስሽ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት ትሞያለሽ። በነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ድረ ገጽ ካገኘሽ ዋናው አይደለምና ውጪ። የታይላንድን ቪዛ ግን ቀድሜ ነው ያወጣሁት።

የከበደኝ ከሀገር መውጣቱ ነው። ወጣት ሴት ብቻዋን ስትወጣ ለሥራ ተደልላ ነው ብለው ይሰጋሉ፣ ስጋታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንድ ሠራተኛ አርባ ደቂቃ ያህል አቁሞ ጠየቀኝ። የመመለሻ ቲኬት አሳየሁት፣ የማደሪያ ክፍያ አሳየሁት፣ አልበቃውም። ያለፍኩት ከመሥሪያ ቤቴ የያዝኩትን የፈቃድ ደብዳቤ ሳወጣ ነው። ስለዚህ እባክሽ ሥራሽን አትልቀቂ። ያለ ደሞዝ ፈቃድ ጠይቂ። ያቺ ወረቀት ኤምባሲ ላይም፣ መውጫው ላይም፣ እናትሽ ፊትም ትሠራልሻለች።

ሌላው ምግብ ነው። ዐቢይ ጾም እዚያ ሳለሁ ገባ። ልሰቃይ ነው ብዬ ነበር። ታይላንድ ውስጥ ግን ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈች አንዲት ምልክት አለች፣ "ጄ" ትባላለች። እሷ የተሰቀለችበት ቤት ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፤ ዓሣም ቢሆን የለም። ቡድሂስቶቹ የሚጾሙት ምግብ ነው። ምልክቷን ስልኬ ላይ አስቀምጬ እያሳየሁ ስበላ ከረምኩ። አንዲት ምግብ ሻጭ እንደምጾም በምልክት ስነግራት እጄን ይዛ ወደ ቤቷ መቅደስ ወሰደችኝ። የማውቀው የታይኛ ቃል አመሰግናለሁ የሚለው ብቻ ነበር፣ ግን ተግባባን።

ለደኅንነት የምከተለው ይህን ነው። አዲስ ከተማ በጨለማ አልገባም፣ የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያዬ ተከፍሎ ያድራል፣ ሆስቴል ውስጥ የሴቶች ክፍል እይዛለሁ። ቲኬትሽ ላይ ያለው ስም ፓስፖርትሽ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ ይሁን። የእኛ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ሲገባ ግራ ያጋባቸዋል፣ አንድ ፊደል ስትለይ ደግሞ ይባስ።

ከሲያትል፦

እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዝኩት፣ ስለዚህ ስለ ቪዛ ምክር ልስጥሽ ብል እዋሻለሁ። ሃያ ምናምን ሀገር ስዞር ድንበር ላይ ማንም አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። የተወለድኩት ግን አንቺ ባለሽበት ከተማ ነው። እዚህ የተጻፈውን ሳነብ ልቤ ተነካ።

ብቻሽን ስለ መሆን ግን አንድ ነገር ልበልሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደስታ ነው። ሦስተኛው ላይ ብቸኝነቱ ይመጣል፤ እኔን ያገኘኝ አንድ እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ቡና አፍልቶ የሚጠራኝ ሰው የሌለበት። ያን ቀን ቦታ አትቀይሪ። አንድ ከተማ ውስጥ ሳምንት ተቀመጪ፣ በየቀኑ አንድ ቤት ቡና ጠጪ። በአራተኛው ቀን ሻጩ ያውቅሻል።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ልጄ፣ እኔ ተጉዤ አላውቅም፣ የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ነው። የእኔ ታላቋ ልጅ ቤይሩት አምስት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። ከዚያ ውስጥ ስምንት ወር ድምፅዋን አልሰማሁም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር። በየሠፈሩ እንደኔ ያለች እናት አለች፣ እናትሽም ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ ይህን ሁሉ ሰምታለች። "ብቻዬን ልሄድ ነው" ስትያት የሚታያት ይኸው ነው። አትፍረጂባት።

ክርክሩን ተዪው። ኩሉቢ ወይ ግሸን ሄዳ ታውቃለች? ሥራዋን ትታ፣ ስንቅ ቋጥራ፣ የማታውቀው ሰው ቤት አድራ መጥታለች አይደል? ያንን አስታውሻት፣ መልሱ እዚያ ውስጥ አለላት። ከዚያ የምትመለሺበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ትልቅ አድርገሽ ጻፊና ግድግዳ ላይ ለጥፊላት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ደውዪ። አንድ ቀን ሳትደውዪ ብትቀሪ ለማን እንደምትደውል ስልኩን ጽፈሽ ስጫት። የፓስፖርትሽንም ኮፒ። እናት የምትጨነቀው የምትይዘው ነገር ስታጣ ነው።

በሞያሌ_በኩል፦

እናታችን እግዜር ይስጥልን። ጾመኛዋ መንገደኛ፣ ስለ ሞያሌ ልክ ነሽ። የጻፍኩት እንደ ወንድ ያየሁትን ነው። ናይሮቢ በአየር መግባቱ ይሻላል፤ ማርሳቢትን ሌላ ጊዜ ከሰው ጋር ታየዋለች።

ቦርሳዬን_አዝዬ፦

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። መልሶቻችሁን ሦስቴ አነበብኳቸው። ያለ ደሞዝ የሁለት ወር ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አለቃዬ ተፈቅዷል አለኝ፣ ደብዳቤው ሰኞ ይወጣል። መስመሩም አጠረ። ናይሮቢ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ካምፓላ፣ ከዚያ ኪጋሊ፣ ከኪጋሊ ወደ ቤት። ኤስያ ለከርሞ። አውሮፓን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ለእናቴ ስለ ኩሉቢ አነሳሁላት። በ19 ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ሄዳ ነበር፣ እኔ አላውቅም ነበር። ስለዚያ ጉዞ ሁለት ሰዓት አወራችኝ። ቀኑንም ጽፌ ለጥፌላታለሁ። አሁንም ታለቅሳለች፣ ግን ትናንት ከሥራ ስገባ ገብስ ስትቆላ አገኘኋት። ለምንድነው ብላት መንገድ ላይ ይርብሻል አለችኝ። በሶውን ናይሮቢ ያስገቡልኛል?

በሞያሌ_በኩል፦

እኔ ሁለት ኪሎ ይዤ አልፌያለሁ። ከጠየቁሽ ከፍተሽ አሳያቸው፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው በያቸው። ብቻ እናትሽ በፌስታል እንዳትቋጥረው ንገሪያት፣ በጨርቅ ከረጢት ታድርግልሽ።