የአክስቴ ቀለበት ፈርጥ አሜቴስጢኖስ (ሐምራዊ የከበረ ድንጋይ) ነው ወይስ ጠርሙስ?

የጅሬኗ (ጠያቂ)፦ አክስቴ ከሰጠችኝ የብር ቀለበት ላይ ሽምብራ የሚያህል ሐምራዊ ፈርጥ አለ። ስለሰፋኝ እዚሁ ጅማ ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ወሰድኩት። «ብሩን ቆርጬ በእሳት እበይደዋለሁ፤ ድንጋዩ አይነሣም፣ ለነገሩ ጠርሙስ ነው» አለኝ። ጠርሙስ መሆኑን ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል? አንዱ ጫፉም ከሌላው ፈዘዝ ያለ ነው።

ቡና ነጋዴው፦ የመስኮት መስተዋት ጫሪበት። ከጫረው እውነተኛ ነው።

ሄርማታ ሰፈር፦ እህቴ፣ እሱን እንዳታደርጊው! አሜቴስጢኖስ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ (ሞስ) 7 ስለሆነ መስተዋት ይጭራል፤ ግን የፈርጡ ጠርዝ ሊሸረፍ ይችላል። ይልቅ ነጭ ወረቀት ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጪና ቀለበቱን ክተቺው። ቀለሙ በመስመር በመስመር ደመቅና ፈዘዝ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። በአጉሊ መነጽር ክብ ክብ የአየር አረፋ ከታየሽ ግን ጠርሙስ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ኳርትዝ ከሆነ ደግሞ የሚለየው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው።

ጡረተኛው ብር ሠሪ፦ ልጄ፣ ጠርሙስም ይሁን ዕንቁ ፈርጡ ሳይወጣ እሳት አይቅረበው። ሐምራዊነቱ የመጣው በውስጡ ካለው ጥቂት ብረትና ከተፈጥሮ ጨረር ነው፤ ሙቀት ያንን ያጠፋዋል። ሲትሪን እየተባለ ከሚሸጠው ቢጫ ድንጋይ ብዙው የተጠበሰ አሜቴስጢኖስ ነው። ሙያውን ስማር አንዱን አበላሽቻለሁ፤ ከእሳቱ ሲወጣ ጠጅ መስሎ ቀረ። ባለቤቱ ፊት የቆምኩበት ቀን አይረሳኝም። ወርቅ ሠሪው ፈርጡን የያዙትን የብር ጥፍሮች ቀና አድርጎ ፈርጡን ያውጣ፣ ይበይድ፣ ብሩ ሲቀዘቅዝ ይመልሰው። ከዚያ በኋላ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠቢው፤ ፀሐይ ላይም አታቆዪው፣ ቀለሙ ይለቃል።

ቡና ነጋዴው፦ ጠጅ ካነሣችሁ አይቀር፣ ስሙ በግሪክኛ «የማያሰክር» ማለት ነው። አሮን በደረቱ ኪስ ላይ ይዞት ነበር፣ ኦሪት ዘጸአት 28። ዋጋው ግን አያስጎመጅ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራዚል ውስጥ በብዛት ከተገኘ ወዲህ ረክሷል።

የጅሬኗ፦ ልሸጠው አይደለም። ውኃ ውስጥ ሁለት ደማቅ መስመሮች አየሁበት፤ አረፋ የለውም። ወርቅ ሠሪው እየተነጫነጨም ቢሆን ፈርጡን አውጥቶልኛል፤ በጥጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ቀለበቱ ቅዳሜ ይደርሳል።