የካውቦይ መዝሙር ከካንትሪ መዝሙር በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ በምኖርባት ትንሽ የቴክሳስ ከተማ፣ ባርኔጣና ቡት ያደረጉ ዘማሪዎች በከብት ትርዒት ሜዳ ላይ ለነዋሪው በነፃ ሲዘምሩ ሰማሁ። ይህ የካውቦይ (የአሜሪካ ከብት ጠባቂ) መዝሙር ዘይቤ፣ በአሜሪካ ገጠር የሙዚቃ ስልት ከሚዘመረው ከተለመደው የካንትሪ መዝሙር በምን ይለያል? ከየትስ መጣ?

መልስ፦ ዋናው ልዩነት በድምፅ ቅንብሩ ላይ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ድምፆች ተቀራርበው ሲዘምሩ ቫዮሊንና ጊታር ያጅቧቸዋል፣ ግጥሙም ሰፊውን ሜዳና ከብት ጠባቂውን ከፈጣሪ ጋር ያገናኛል። ለዚህ አዘማመር ፈር የቀደደው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተቋቋመው ሰንስ ኦቭ ዘ ፓየኒርስ የተባለ የዘፋኞች ቡድን ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ቲም ስፔንሰር በ1955 እ.ኤ.አ. ማና ሙዚክ የተባለ የመዝሙር አሳታሚ ድርጅት መሥርቷል።

ሌላ መልስ፦ ስቱዋርት ሃምብለንም ሊዘነጋ አይገባም። በሬዲዮ የካውቦይ ዘፈን ያሰማ የነበረው ይህ ሰው፣ በ1949 እ.ኤ.አ. በወንጌላዊው ቢሊ ግራሃም የሎስ አንጀለስ ጉባኤ ሕይወቱ ከተለወጠ በኋላ ፊቱን ወደ መንፈሳዊ መዝሙር አዙሯል።

ሦስተኛ መልስ፦ በአካባቢዎ ወዳሉት የካውቦይ ቤተ ክርስቲያናት፣ ማለትም የከብት ጠባቂዎችን ባህል ተከትለው ወደሚያመልኩት፣ ጎራ ቢሉ ይህንኑ አዘማመር በየሳምንቱ ያገኙታል። አንዳንዶቹ በከብት ማጠጫ ገንዳ ያጠምቃሉ፤ መባውም በቡት ጫማ ውስጥ ይሰበሰባል፣ እኔማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።