ቤልጅግ ውስጥ አረር ተቀርቅሮብኛል፤ ራሴ ላውጣው ወይስ ጠጋኝ ጋ ልውሰደው?

ቢሾፍቴው፦

ሰላም ወገኖች። ያለሁት እዚህ ቨርጂኒያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው አሜሪካ ገበያ ከወረዱት አሮጌ መሣሪያዎች አንድ ቤልጅግ ገዝቼ ነበር። የቤልጅጉ ፋብሪካ ኤፍኤን የሠራው ማውዘር ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱ 7.92 በ57፣ ብረቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም አለበት። አዳኝ አይደለሁም። የሰፈር ሽማግሌዎች «ቤልጅግ» እያሉ ሲያወሩለት ያደግኩትን ነገር በእጄ ልያዘው ብዬ ነው።

ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ወጣሁ። ጎረቤቴ ፈረንጅ ጥይት ቤቱ ይሞላል፤ እሱ የሞላውን አንድ ካርቶን ሰጥቶኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደህና ተተኮሱ። ከዚያ አንዱ ላይ ቃታውን ስስብ የለመድኩት ጩኸት ቀርቶ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ትከሻዬን አልገፋኝም፤ ወረቀቱ ላይም አዲስ ቀዳዳ የለም። አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሳ ቆይቼ ቦልቱን (የኋላ መዝጊያውን) ስከፍት አፉ ጥላሸት የለበሰ ባዶ ቀለህ ወጣ። አረሩ የለም። ቦልቱን ነቅዬ ከኋላ ሳይ ብርሃን አይገባም፤ ድፍን ነው።

አጠገቤ ሲተኩስ የነበረው ሰውዬ «ሌላ አጉርስና ግፋው» አለኝ። አልሰማሁትም፤ መሣሪያውን ጠቅልዬ ቤት ገባሁ። ጠጋኙ ጋ ረጅም ወረፋ አለ። ራሴ ላወጣው እችላለሁ? በምን ዓይነት ዘንግ?

ጎጃሜው_ዴንቨር፦

ወንድሜ ምን ያስጨንቅሃል? ቀጭን ፌሮ አስገባና በመዶሻ አቅምሰው፣ ይወጣል። ፌሮ ካጣህ የመጥረጊያ እንጨት አሹለህ ሞክር። ሀገር ቤት ማን ጠጋኝ ጋ ይሄድ ነበር?

ጥገና_ክፍል፦

ቢሾፍቴው፣ ያንን ሰውዬ ባለመስማትህ እጅህም ዓይንህም ተርፏል። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ሰው ተኩስ ሜዳ ደጃፍ ባይደርስ ደስ ይለኝ ነበር። የቀረው ሥራ ቀላል ነው፣ ችኮላ ካልገባበት።

ጎጃሜው አይቀየመኝና፣ ፌሮን ከቱቦው አጠገብ እንዳታደርሰው። ፌሮ ሸካራ ነው፤ የቱቦውን ጥርስ፣ ማለት ውስጡ የተቀረጸውን ጠመዝማዛ መስመር፣ ይፈቀፍቀዋል። በተለይ አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት ጭረት ብታወጣበት መሣሪያው ከዚያ ወዲያ ዒላማ አያውቅም። እንጨቱ ደግሞ ይብሳል። እንጨት ሲመታ ቀጥ ብሎ አይሰበርም፣ በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ስንጣሪ ጎን ለጎን ተገፋፍተው እዚያው ይወተፋሉ። እኔ በቀድሞው ጦር የመሣሪያ ጥገና ላይ ነበርኩ፤ አሁንም እዚህ አንድ መሣሪያ ቤት እሠራለሁ። ከአረሩ ይልቅ ሰዎች አረሩን ለማውጣት የከተቱትን እንጨት፣ ካቻቢቴና የተሰበረ መወልወያ ስናወጣ ነው ቀኑ የሚመሽብን።

ለምን እንደተቀረቀረ ልንገርህ። ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መቀጣጠያ ብቻዋን አረሩን ከቀለህ አስለቅቃ ጥርሱ ውስጥ ለመሰካት አቅም አላት። ከዚያ ወዲያ የሚገፋው ባሩድ ነው። ባሩዱ ኖሮ ዘይት ወይም እርጥበት አበላሽቶት ቢሆን ቦልቱን ስትከፍት ያልተቃጠለ ፍሬ ይረግፍ ነበር። አንተ ያየኸው ጥላሸት ብቻ ስለሆነ ጎረቤትህ አንዱን ቀለህ ባሩድ ሳያደርግበት አልፎታል ባይ ነኝ። ለማንኛውም ማጉረሻውንና ካዝናውን በባትሪ እይ፤ የረገፈ ካለ ጠርገህ አውጣ።

ካዝናው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ቦልቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ጥይቶቹም እንዲሁ። ማጉረሻው ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት አብሮ ተቀርቅሮ ቢሆን ኖሮ ምክሬ አንድ መስመር ነበር፦ ዘንግ አታስገባ፣ ለባለሙያ ስጠው። ያንተ ቀለህ ስለወጣ እንቀጥል።

መጀመሪያ ለካ። የመወልወያ ዘንግህን ከአፈሙዙ በኩል ቀስ አድርገህ ስደደውና ሲቆም አፈሙዙ ጫፍ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግበት። ከኋላ በኩልም እንዲሁ። ሁለቱን ልክ ከቱቦው ጎን አጋድመህ ስታስተያይ መሀል ላይ የሚተርፈው ክፍተት የአረሩ ርዝመት ነው። የዚህ መሣሪያ አረር እንደ ክብደቱ ከ2.8 እስከ 3.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 6 ወይም 7 ካገኘህ ያለው አንድ አረር አይደለም፤ እዚያው ላይ አቁምና ወደ ጠጋኙ ውሰደው።

ዘንጉ ናስ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሃርድዌር ሱቅ ስትሄድ ባለ 5/16 ኢንቹ ልክክ የሚል ይመስልሃል። 5/16 ማለት 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቤልጅግህ ቱቦ ከጥርስ እስከ ጥርስ 7.9 ገደማ ነው። አይገባም፤ በጉልበት ከገባ ደግሞ አይወጣም። ባለ 1/4 ኢንቹን ግዛ፣ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ቱቦው ውስጥ ሳይወዛወዝ መሀል ለመሀል እንዲሄድ እዚህም እዚያም ፕላስተር ጠምጥምበት። አረሩን ሲነካ ከአፈሙዙ ውጪ የሚተርፈው ከአንድ ጋት ብዙ አይብለጥ፤ ረጅም ጭራ ከተውክለት ስትመታው ይጎብጣል። ከውጪ በቀረው ላይም የፕላስተር ምልክት አድርግ።

ጫፉን ደግሞ አስብበት። ከአፈሙዙ በኩል ስትመጣ የምታገኘው የአረሩን ሹል ነው። ጠፍጣፋ ዘንግ ሹል ላይ ሲያርፍ ይንሸራተትና በአረሩና በቱቦው መሀል ይሰካል፤ ያኔ በየምቱ ራስህ እያጠበቅከው ነው። የዘንጉን ጫፍ በትራፓኖ ትንሽ ጎድጎድ አድርገው፣ ሹሉ ገብቶ እንዲቀመጥበት።

ለምን ከአፈሙዙ በኩል? መቀጣጠያ ብቻ የገፋው አረር ርቆ አይሄድም፤ ከማጉረሻው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢያልፍ ነው። ወደመጣበት ብትመልሰው መንገዱ አጭር ነው፣ ጥርሱ የቀረጸበትን መስመር ይዞ ይመለሳል። ወደፊት ብትነዳው የቀረውን ቱቦ ሁሉ ስትፋተግ ልትኖር ነው።

ዝገት መፍቻ ዘይት በሁለቱም በኩል ጠብ አድርግበት። መጀመሪያ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ይደር፣ ሲነጋ ገልብጠው። ከዚያ እንጨቱን አውልቅና ቱቦውን በሞርሳ ያዘው፤ በሞርሳው ጥርስና በቱቦው መሀል ቆዳ ወይም ለስላሳ እንጨት አግባበት። ሰደፉን መሬት አስደግፎ ከላይ መቀጥቀጥ የለም፤ አሮጌ ሰደፍ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ግማሽ ኪሎ የማይሞላ መዶሻ ይበቃሃል። አጫጭር፣ እኩል እኩል ምት። ጆሮህን ስጠው፦ አረሩ እንቢ ሲል ዘንጉ ይጮኻል፣ እጅህንም ይነዝርሃል። ሲለቅ ድምፁ ይደፈናል፣ የፕላስተሩ ምልክትም ወደ አፈሙዙ መጠጋት ትጀምራለች። ምልክቷ ካልተነቃነቀች መዶሻ አትቀይር፤ ዘይቱን ድገምና አሳድረው። ማጉረሻው ጋ ሲደርስ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ራሱ ይወድቃል።

ቱቦውን በእሳት ማሞቅ፣ አረሩን መቦርቦር፣ ባሩድ ብቻ ሞልቶ መተኮስ የሚሉህ ይመጣሉ። የመጀመሪያው የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፣ ሁለተኛው ጥርሱን ይበላል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ማንም እንዳይሞክረው ስለምፈልግ አልነጋገርም።

ጎጃሜው_ዴንቨር፦

አልተቀየምኩም ጋሼ። ግን በፌሮ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥገና_ክፍል፦

ይወጣል እንጂ። ከወጣ በኋላ መሣሪያው ዒላማ ሲመታስ አይተሃል?

ጎጃሜው_ዴንቨር፦

ኧረ እሱንስ... ባለቤቱ በዓመቱ ሸጠው 😂

ዘብ_ሰሚት፦

ጋሼ፣ እኔ አዲስ አበባ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ፤ የምይዘው የድርጅቱን ክላሽ ነው። ክላሽ ላይም ይሄ ነገር ይደርሳል? በምን አውቀዋለሁ?

ጥገና_ክፍል፦

ይደርሳል ወንድሜ፤ እንዲያውም ከቤልጅጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያንተ ነው። ክላሽ ራሱን የሚያቀባብለው ከአረሩ ኋላ የሚመጣው ጋዝ ቱቦው ላይ ባለችው ቀዳዳ ሾልኮ ፒስተኑን ሲገፋው ነው። ባሩድ ካልነደደ ጋዝ የለም፤ ቀለሁ አይወረወርም፣ መሣሪያው ይቆማል። ተኳሽ ደግሞ መሣሪያ ሲቆምበት ሳያስብ በእጁ አቀባብሎ እንዲቀጥል ነው የሚሠለጥነው። አደጋው ያለው እዚያች ልማድ ላይ ነው። በእጅህ ስታቀባብል ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ ካዝናው አዲስ ጥይት ያቀብልሃል፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስልሃል፤ የፊተኛው አረር ግን ቱቦው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ተከታዩ መጥቶ ሲገጨው ግፊቱ እዚያች ቦታ ላይ ይከመራል። ቱቦው ዕድለኛ ከሆንክ ያብጣል፤ ካልሆንክ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተተርትሮ ይከፈታል።

ስለዚህ ድምፁ ከወትሮው ካነሰ፣ ካልገፋህ፣ ወይም ቀለህ ካልወጣ ጣትህን ከቃታው አንሳ። አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ አታዙር፤ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ እንዲሁ ቆይ። ዘግይቶ የሚነድ ጥይት አለ፣ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ብትጠብቅ አይከፋም። ከዚያ ካዝናውን ንቀል፣ ቀለሁን አውጣ፣ ክዳኑን አንስተህ ቦልቱን አውጣና ብርሃን እይበት። ከቱቦው ሥር ያለችውን መወልወያ መደብደቢያ እንዳታደርጋት፤ ቀጭን ናት፣ ትጎብጣለች። መሣሪያው የድርጅቱ ስለሆነ ድፍን ሆኖ ካገኘኸው አንተ አትነካካው። ለኃላፊህ በጽሑፍ አሳውቀህ አስረክብ፤ በቃል ብቻ ከነገርከው ነገ «ማን አበላሸው» ሲባል ያንተ ስም ነው የሚነሳው።

ዘብ_ሰሚት፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። በጽሑፍ ያልከኝን ይዣለሁ፣ የኛን ኃላፊ ታውቀዋለህ መሰለኝ።

ቢሾፍቴው፦

ጋሼ ወጣ! ልኩ 3.2 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ አንድ አረር ብቻ። እውነትም ሱቁ ውስጥ ባለ 5/16ቱን ነበር ያወጣልኝ፤ 1/4 ነው የምፈልገው ስለው ገርሞት አየኝ። መጀመሪያ ላይ ያልከው ዓይነት ጩኸት ነበር፣ አልነቃነቅ አለ፤ ዘይት ደግሜበት አድሮ ስመለስ ድምፁ ድፍን አለና ምልክቷ መሄድ ጀመረች። አረሩ ጎኑ ላይ አራት ቦዮች ወደ ቀኝ ዘመም ብለው ተቀርጸውበታል፣ ቂጡ ጥቁር ነው። ቱቦውን ወልውዬ በብርሃን አየሁት፣ የታየኝ ነገር የለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከካርቶኑ የተረፉትን ጥይቶች አንድ በአንድ በሚዛን ባያቸው ባሩድ የሌለውን መለየት አልችልም?

ጥገና_ክፍል፦

ጎሽ! «የታየኝ ነገር የለም» ያልከው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። የምትፈልገው ጥላ የመሰለ ጥቁር ቀለበት ነው፤ ቱቦው ያበጠበት ቦታ ብርሃኑን ስለሚሰብረው እንደዚያ ይታያል። በጠባብ ጨርቅ ስትወለውል ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ እጅህ ድንገት ይቀልልሃል። ሁለተኛ ጥይት ስላልተኮስክበት ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ሆኖም ወረፋህ ሲደርስ ጠጋኙ እንዲያየውና የማጉረሻውንም ልክ በጌጅ እንዲለካው አድርግ፤ የስንት ዘመን መሣሪያ ነው፣ ቦልቱም የራሱ ይሁን የሌላ አይታወቅም።

ጥይቶቹን በተመለከተ፣ ጭራሽ ባዶ የሆነውን ሚዛን ሊያሳይህ ይችላል። የዚህ ጥይት ባሩድ 3 ግራም ገደማ ነውና ሲጎድል ይታወቃል። ጎዶሎ የተሞላውን ግን አይነግርህም። ቀለህ ከቀለህ በክብደት ይለያያል፤ ግማሽ ግራም ያነሰው ባሩዱ ይሁን ናሱ በምን ታውቃለህ? አንዱን ጨርሶ የረሳ ሰው ሌላውን አላጎደለም ብዬ አልፈርምልህም። ካርቶኑን እንዳለ መልስለትና የሆነውን ንገረው። ጥይት የሚሞላ ሰው አረር መንቀያም አይጠፋውም፤ ፈትቶ ባሩዱን እንደገና ይመዝን፣ ቀለሁም አረሩም መልሶ ያገለግለዋል።

አንተ የፋብሪካ ጥይት ግዛ። አንድ ነገር ብቻ እወቅ፦ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው 8 ሚሊ ማውዘር (ያንተው 7.92 በ57 ማለት ነው) ሆን ተብሎ ለዘብ ተደርጎ ነው የሚሞላው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1905 በፊት የነበሩት ጠመንጃዎች አረራቸው 8.08 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ያንተው ዓይነት 8.20 ነው፤ አንዱ ባለ አሮጌ ጠመንጃ ተሳስቶ ቢያጎርሰው እንዳይፈነዳበት ብለው ነው። ስለዚህ ከጎረቤትህ ጥይት ቀለል ብሎ ቢገፋህ ያ በራሱ ችግር አይደለም። ግን በየተኩሱ ወረቀቱን እያየህ ሂድ፤ ቀዳዳው ከሌለ ቦልቱን ነቅለህ ብርሃኑን ሳታይ ሌላ አታጉርስ።