ክርክር፦ «ቢላቭድ» የሚባለውን ልብወለድ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ያንብቡት ወይስ ይቅር?

የፌርፋክስ እናት፦ ሰላም ወገኖች፣ ቨርጂንያ ያላችሁ ወላጆች እስቲ ምከሩኝ። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ የጥቁር አሜሪካዊቷን ደራሲ የቶኒ ሞሪሰንን «ቢላቭድ» ይዛ መጣች፣ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ሳየው ደነገጥኩ፣ መደፈር አለ እናት ልጇን ስትገድል አለ... የባርነትን ታሪክ ትማር፣ እሱን አልቃወምም፣ ግን ለሱ የታሪክ መጽሐፍ አለ አይደል እንዴ? ሌላ መጽሐፍ ይሰጣት ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ አልላኩትም ገና።

አንባቢ፦ እህቴ ድንጋጤሽ ይገባኛል፣ ግን ነገሩ እኮ ከእውነት የተነሳ ነው። ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ባሪያ ሴት በፈረንጆቹ 1856 ጥር ላይ ከነልጆቿ ባርነት ከነበረበት ከኬንታኪ ጠፍታ፣ በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ባርነት ወደሌለበት ወደ ሲንሲናቲ ገባች፣ አሳዳጆቹ ቤቱን ሲከቡት ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ገደለቻት። ከዛ ክርክሩ ምን ሆነ መሰለሽ፣ እንደ ሰው በነፍስ ግድያ ትከሰስ ወይስ እንደ ንብረት ለባለቤቷ ትመለስ! ያመለጠ ባሪያ ይመለስ በሚለው የ1850 ሕግ መለሷት። ሞሪሰን አርታኢ ሆና ስትሰራ የድሮ ጋዜጣ ላይ ባታገኛት ዛሬ ስንቶቻችን ስሟን እናውቅ ነበር?

ዲሲ ነዋሪ፦ እኔ የምፈራው እሱን ነው፣ ልብወለድ ታሪክ ሲሆን። የመጽሐፏ ሴት ወደ ባርነት አልተመለሰችም፣ ማርጋሬት ግን ወደ ደቡብ ተልካ በ1858 በታይፎይድ ሞተች፣ ተማሪው የቱን ይዞ ይወጣል? ደሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን አስቡት፣ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የሚባለው የአሜሪካ ልብወለድ ማለት ነው፣ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው፣ ስንቶቻችን በፍቅር አንብበነዋል፣ ግን ባሪያዎቹን ጌቶቻቸውን የሚወዱ አድርጎ ነው የሳላቸው፣ ስንት አሜሪካዊም ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ ያለው ምስል ከሱና ከ1939ኙ ፊልም የመጣ ነው።

አንባቢ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ለዛ እኮ ነው ሌላ ልብወለድ ያስፈለገው፣ ያ ምስል በ1936 በዛ መጽሐፍ ገብቶ ሃምሳ ዓመት ተቀምጦ በ1987 ሞሪሰን ጻፈች። የማርጋሬትን የልቧን ማንም አልመዘገበውም፣ ከየት ይምጣ? ልጆቻችን ደሞ እዚህ አገር ጥቁር ተብለው ነው የሚያድጉት፣ ታሪኩ የነሱም ነው።

አሌክሳንድሪያ፦ ይሄ ጭቅጭቅ እዛው ፌርፋክስ ነው የተነሳው። ወሲብ በግልጽ ያለበት ንባብ ሲሰጥ ወላጅ ቀድሞ ይነገረው የሚለውን ሕግ የያኔው የቨርጂንያ ገዢ ማኮሊፍ በ2016 እና በ2017 አልፈርምም አለ፣ በ2021 እንደገና ለገዢነት ሲወዳደር ጉዳዩ የምርጫ ማስታወቂያ ሆኖ መጣበት፣ ተፎካካሪው ያንግኪን አሸንፎ በ2022 ሕጉ ወጣ። ስለዚህ እህቴ ሌላ መጽሐፍ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ማንም ሊያሳፍርሽ አይገባም።

የፌርፋክስ እናት፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የማርጋሬትን ነገር አላውቅም ነበር፣ እንባዬ ነው የመጣው። ቅዳሜ እረፍት ነኝ፣ እኔ ራሴ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበዋለሁ፣ እንግሊዝኛው ከከበደኝ ልጄ አጠገቤ አለች። ደብዳቤውን እስከዛ አልልክም።