የአፍንጫ እጥበቱን አይ ጂ ኤ በምን ላካፍለው?

ሰላም ለሁላችሁ። ለወፍ ጉንፋን (ኤች5ኤን1) በአፍንጫ የሚሰጥ ክትባት አይጦች ላይ እየሞከርኩ ነው። ክትባቱ የሞተ ሙሉ ቫይረስ ነው። 10 አይጦች በአፍንጫ፣ 10 ደግሞ በመርፌ፣ በ3 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ወስደዋል።

የደሙን ፀረ እንግዳ አካል መጀመሪያ የለካሁት በዶሮ ቀይ የደም ሴል ነበር (ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱ ሴሎቹን እንዳያያይዝ መከልከሉ ይታያል፤ ቁጥሩ ደሙ እስከ ስንት እጥፍ ቀጥኖም እንደሚከለክል ነው)። የመርፌዎቹ 80 እና 160 ሲሆን የአፍንጫዎቹ ከ10 በታች ሆኑ። በጣም ደነገጥኩ። በፈረስ ሴል ስደግመው ግን የአፍንጫዎቹ 20 እና 40 መጣ። የፈረስ ሴል የወፍ ቫይረስ የሚጣበቅበትን የሲያሊክ አሲድ (በሴል ላይ ያለ የስኳር ዓይነት) ዓይነት በብዛት ስለሚይዝ ለኤች5 ይሻላል። ይሄ ተፈታ።

ያስጨነቀኝ አፍንጫው ነው። የአፍንጫ ክትባት ትልቁ ጥቅሙ እዚያው የሚፈጠረው አይ ጂ ኤ (እንደ አፍንጫ ያሉ ስስ ሽፋኖችን የሚጠብቅ ፀረ እንግዳ አካል) ነው። በአፍንጫ የወሰዱትን የእያንዳንዳቸውን አፍንጫ በ200 ማይክሮሊትር ፒቢኤስ (የጨው ውሃ) አጠብኩ። ከአንዱ 180 ተመለሰ፣ ከሌላው 90። ሁለቱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነው ወጡ። ደም ገብቶባቸው ይሆናል፣ የደሙ ፀረ እንግዳ አካል እንዳያሳስተኝ ብዬ ተውኳቸው። የቀሩት 8 ቫይረሱን ለይቶ የሚይዘው አይ ጂ ኤ በኤላይዛ (ፀረ እንግዳ አካልን በቀለም የሚለካ ምርመራ) እስከ 6 እጥፍ ይለያያል። የክትባቱ ልዩነት ይሁን የእጥበቱ መቅጠን መለየት አቃተኝ።

በጠቅላላ ፕሮቲን ሳካፍለው ንፍጥ የበዛባቸው ናሙናዎች ውጤት ወረደ። በጠቅላላ አይ ጂ ኤ እንዳላካፍለው ደግሞ ክትባቱ ራሱ ጠቅላላውን ከፍ አድርጎት ቢሆንስ? አይጦቹ የሉም፣ እንደገና ማጠብ አልችልም። ከእያንዳንዱ የቀረኝ 40 ማይክሮሊትር ለአንድ ልኬት ብቻ ይበቃል።

ይህን ሥራ የሠራችሁ፣ የእጥበቱን መቅጠን ለማስተካከል ጠቅላላ አይ ጂ ኤ ልለካ ወይስ በፕሮቲኑ ልቀጥል?