ሕመሙ ነው ወይስ የቤተሰቡ ገቢ? ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ተማሪዎች ውጤት

መምህር ከቢቸና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቢቸና ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። በክፍሌ የስኳር ሕመም ኖሮባቸው በየቀኑ ኢንሱሊን የሚወጉ ሁለት ተማሪዎች አሉ። አንደኛው የነጋዴ ልጅ ሲሆን ውጤቱ ከክፍሉ አማካይ ወርዶ አያውቅም። ሁለተኛዋ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከሚተዳደሩ እናቷ ጋር የምትኖር ናት። በታችኛው ክፍል ያስተማሯት ሁሉ ጎበዝነቷን ይመሰክራሉ፤ አሁን ግን ደረጃዋ በየሴሚስተሩ እየወረደ ነው፤ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት የምትቀርባቸው ቀናት ይበዛሉ። ጉዳዩን በመምህራን ማረፊያ ስናነሣው ከፊሎቹ «ሕመሙ ራሱ አእምሮን ያደክማል» ሲሉ ከፊሎቹ ደግሞ «ሕመሙማ የሁለቱም አንድ ነው፤ ድህነቱ ነው እንጂ» ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቃታል። ልዩነቱ ከገቢ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ የቤተሰብን ገቢ ማሳደግ የማይችል ትምህርት ቤት ምን ሊያደርግ ይችላል?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ «ሕመሙ የሁለቱም አንድ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የሕመሙ ስም አንድ ነው፤ በሰውነታቸው ውስጥ የሚሆነው ግን ቤት ውስጥ ባለው ነገር ይለያያል። ኢንሱሊን የተወጋ ልጅ በሰዓቱ መብላት አለበት። ካልበላ የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ፣ ሊያልበውና ሊያንቀጠቅጠው፣ ሐሳቡን መሰብሰብም ሊያቅተው ይችላል። ነገ ጠዋት ቁርስ ይኑር አይኑር እርግጠኛ ያልሆነች እናት ይህን ፈርታ የመድኃኒቱን መጠን ትቀንሳለች፤ በእርሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል። መጠኑ ሲቀነስ ደግሞ ስኳሩ ይወጣና ልጅቷ ውኃ ይጠማታል፣ ሌሊቱን ለሽንት ስትነሣ ታድራለች፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ትፈዝዛለች። መምህሩ የሚያየው ፍዘቷን ብቻ ነው።

ስለ መስከረምና ጥቅምት የጻፉትን ሳነብ የእኛን የቀጠሮ መዝገብ ያነበብሁ መሰለኝ። በጎጃም አብዛኛው ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ጤፉና ስንዴው ከተወቃ በኋላ ነው፤ ትምህርት የሚከፈተው ግን ጎተራው በተራቆተበት ወቅት ነው። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው የመኪና ሂሳብና መርፌው በአንድ ላይ ይመጣሉ። ስለዚህ እኔ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ስንት ነው ከማለት ይልቅ ገንዘቡ በየትኛው ወር እጅ ይገባል ብዬ እጠይቃለሁ። ነጋዴው ከአንድ ደኅና ገበሬ የበለጠ ሀብት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በየገበያው ቀን ጥሬ ገንዘብ ያገኛል፤ ኢንሱሊን ደግሞ መኸር አይጠብቅም።

የምጣኔ ሀብት መምህር፣ ባሕር ዳር

ከሁለት ተማሪዎች ተነሥቶ መደምደም አይቻልም። ሆኖም «አእምሮን ያደክማል» ለሚሉት ባልደረቦችዎ የሚነገር ነገር አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የንባብና የሒሳብ ፈተና ውጤት መርምሮ፣ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም (ኢንሱሊን መወጋት ግድ የሚሆንበት ዓይነት) ባለባቸውና በሌለባቸው ልጆች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ይህ የሕክምናው ወጪ በመንግሥት የሚሸፈንበት አገር ውጤት ስለሆነ ለእኛ እንዳለ አይወሰድም፤ ክትትሉ ሲሟላ ሕመሙ ብቻውን ተማሪን ወደ ኋላ እንደማያስቀር ግን ያመለክታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በሀብታምና በድኻ ቤተሰብ ልጆች መካከል ያለው የጤና ልዩነት ልጆቹ በዕድሜ ከፍ ባሉ ቁጥር እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ለዚህም ሥር የሰደዱ ሕመሞች ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። የተማሪዎ ውጤት ባንድ ጊዜ ሳይሆን ከዓመት ዓመት መውረዱ ከዚህ ጋር ይስማማል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ገቢ ሕመምን እንደሚያባብስ ሁሉ ሕመምም ገቢን ይበላል። ልጇን ይዛ ሆስፒታል የምትውል እናት የዚያን ቀን ሥራ ታጣለች፤ ጊደሯ ለሕክምና ከተሸጠች የሚመጡት ዓመታት ወተትና ጥጃም አብረው ይሄዳሉ። ዛሬ «ድኻ» ብለን የመዘገብነው ቤተሰብ ልጁ ከመታመሟ በፊት እንዲህ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አባት፣ ፍኖተ ሰላም

ሁሉ ነገር ወደ ገንዘብ መሄዱ አላስደሰተኝም። ሱቅ አለኝ፤ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጄ መድኃኒት ተቋርጦባት አያውቅም፤ ውጤቷ ግን ወርዷል። አንደኛው ምክንያት ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒቷ ነበር፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ መውደቁንም አስቁሞላታል፣ ነገር ግን ያፈዛታል። ይህን ለሐኪሟ ያስረዳሁት ከመምህሯ የተጻፈ ማስታወሻ ይዤ ስለሄድሁ ነው፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ወይም መቀነስ አደገኛ ስለሆነ ለውጡ በእርሱ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ተደረገ። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ከወደቀች በኋላ፣ አረፋው ይጋባል ብለው አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ። በሽታው በምራቅ እንደማይተላለፍ አንድ መምህር በክፍሉ ፊት ቆሞ ቢናገር ኖሮ ምንም ወጪ አልነበረውም።

መምህር ከቢቸና (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል፤ ማስታወሻ መጻፉን ከዚህ ሳምንት እጀምራለሁ። ለሲስተር አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እናቷ የጤና መድን አባል አይደሉም፤ መዋጮውን አልቻልሁም ይላሉ። ቤታቸውም መብራት የለም፤ ኢንሱሊኑን እንዴት ያቆዩት?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለው። ልየታው በቀበሌ ስለሚካሄድ ስማቸው ከመዝገቡ እንዳይዘለል ትምህርት ቤቱ ስለ ልጅቷ ሁኔታ ደብዳቤ ቢጽፍ ይረዳል። መድኑ የመኪና ሂሳብ አይሸፍንም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የሚቻል ከሆነ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ቀጠሮ እንዲሰጥ ይጠይቁ፣ ቀጠሮውም ከፈተና ቀን ጋር እንዳይጋጭ የፈተናውን መርሐ ግብር አስቀድመው ለእናቷ ይስጧቸው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ማቀዝቀዣ ያለው ጤና ጣቢያ ቢያስቀምጥላቸው የተሻለ ነው። የተከፈተው ቤት ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ለዚህም በትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አድርጎ መካከሉን በረጠበ አሸዋ መሙላትና ጥላ ሥር ማኖር ይበቃል።

በክፍል ውስጥ ደግሞ ሳታስፈቅድ እንድትበላና ሽንት ቤት እንድትወጣ ይፈቀድላት። ከጠረጴዛዎ መሳቢያ ስኳር አይጥፋ፤ ሲያልባትና ሲያንቀጠቅጣት ሦስት የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጠው ይስጧት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላት ይድገሙላት፣ ሲሻላት ዳቦ ወይም እንጀራ ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን ምንም ነገር በአፏ አይደረግ፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ።